ስልኩ ውስጥ ያለው ዶላር የት ነው የሚያድረው?
ሐርጌሳ ላይ አንድ ባንክ ወይም ሐዋላ ቤት ቢወድቅ የቁም እንስሳት ነጋዴው ምን ይዞ ይቀራል

ሐርጌሳን መጀመሪያ ያየ ሰው የሚገርመው የመንዛሪዎቹ ረድፍ ነው። በላስቲክ የታሰረ የሶማሌላንድ ሽልንግ እንደ ጡብ ተደርድሮ መንገድ ዳር ይውላል። ለቁም እንስሳት ነጋዴ ግን ያ ክምር ዋናው ጉዳይ አይደለም። የበጉም፣ የፍየሉም፣ የግመሉም ትልቁ ሒሳብ የሚዘጋው በዶላር ነው፤ ዶላሩም አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይታይም። በከብት ገበያው ደላላው ከገዢና ከሻጭ ጋር ጨርቅ ሥር በጣት ይደራደራል፣ ዋጋው ይቆረጣል፣ ገዢው ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ይነካካል። የሻጩ ስልክ መልእክት ሲደርሰው ግብይቱ አለቀ።

መልእክቱ ገንዘብ መግባቱን ይናገራል። ገንዘቡን የያዘው ድርጅት ነገ በሩን ቢዘጋ ማን እንደሚከፍል ግን አይናገርም። ከጅግጅጋና ከባቢሌ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ እስከ በርበራ ለሚነግድ ሰው ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። ከአንድ የሐጅ ወቅት እስከ ሌላው የለፋበት ካፒታል ያለው እዚያ መልእክት ውስጥ ነው። ሐርጌሳ ደግሞ የገንዘብ ተቋም ሲወድቅ ከአንድ ጊዜ በላይ አይታለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ዓይነት ሕመም

ባንክ የሚታመመው በሁለት መንገድ ነው፤ ነጋዴ ሁለቱንም ከራሱ ሥራ ያውቃቸዋል።

ሁለት መቶ ፍየል በርበራ ማቆያ ጣቢያ ያስገባ ሰው ዛሬ ለመኪና ኪራይ የሚከፍለው ላይኖረው ይችላል። ሀብት አለው፤ በእጁ ግን ጥሬ ገንዘብ የለም። ከዘመድ ለሁለት ሳምንት ቢበደር ይወጣዋል። ሌላው ደግሞ ፍየሎቹ መንገድ ላይ አልቀውበታል። ለዚህኛው ሰው ብድር መስጠት ዕዳውን ማባባስ ነው፤ የሚበጀው የቀረውን ሀብት ቆጥሮ ለባለዕዳዎቹ በአግባቡ ማካፈል ነው።

ባንክም እንዲሁ ነው። አስቀማጮች በጠየቁ ጊዜ የሚወስዱትን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ቶሎ ለማይመለስ ብድር ያውለዋል። ሁሉም በአንድ ቀን «ገንዘቤን» ካለው ጤነኛውም ባንክ አይችልም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2023 የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ሊያወጡ ጠየቁ፤ ባንኩ በማግስቱ ተዘጋ።

የማዕከላዊ ባንክ ዋና ሥራ እነዚህን ሁለት ሕመሞች መለየት ነው። ገንዘብ ላጠረው ግን ሀብት ላለው ባንክ ያበድራል። የከሰረውን ደግሞ ጉድጓዱ ሳይሰፋ ይረከባል፤ ጤነኛውን ክፍል ለሌላ ባንክ ያስተላልፋል፣ የቀረውን ያፈርሳል፣ ለትንንሽ አስቀማጮች ከመድን ፈንድ ያስከፍላል። ይህን ለማድረግ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ የባንኩን መዝገብ የማየት ሥልጣን፣ ለመረከብ የሚያስችል ሕግ እና የሚያበድረው ገንዘብ። ሐርጌሳን በዚህ መመዘን ይቻላል።

ሐርጌሳ ያየችው

የመጀመሪያው ውድቀት የመንግሥት ባንክ ውድቀት ነበር። የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1970 የውጭ ባንኮችን ወረሰ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ባንክ የመንግሥት ብቻ ሆነ። የሶማሊያ ንግድና ቁጠባ ባንክ ብድር ለመንግሥት ድርጅቶችና ለሥልጣን ቅርብ ለሆኑ ሰዎች ይሰጥ ነበር፤ ብዙው አልተመለሰም። ተቆጣጣሪው ማዕከላዊ ባንክና ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገው ባንክ ባለቤታቸው አንድ ስለነበር «ይበቃል» የሚል አልተገኘም። ባንኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሰረ፣ በ1990 ተዘጋ። መድን አልነበረም። በሽልንግ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡን ቢያገኝ እንኳ የዋጋ ንረቱ በልቶታል። ሐርጌሳ ራሷ በ1988 በቦምብ ስለፈረሰች፣ ብዙ ሰው ስለ ባንክ ሒሳቡ ሳይሆን ስለ ነፍሱ የሚያስብበት ዘመን ነበር።

የእንስሳት ነጋዴው ግን ያኔም ከባንክ ውጭ መኖር ለምዶ ነበር። ወደ ሳዑዲ ከላከው በግ ያገኘውን ሪያልና ዶላር ለአስመጪ ወይም በውጭ ለሚሠራ ወገን እያዞረ፣ ሒሳቡን በቃል ይዘጋ ነበር። ከዚህ ልማድ ነው የዛሬዎቹ ሐዋላ ቤቶች ያደጉት። ዳሃብሺልን በ1970 ቡርዖ ላይ የመሠረቱት መሐመድ ሰዒድ ዱዓሌ፣ በ1988ቱ ጦርነት ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው ሥራውን እንደገና የጀመሩት ከዚያው ነው። ባንኩ ሲሞት ሐዋላው ኖረ።

ሁለተኛው ውድቀት ሐዋላውም እንደሚሞት አሳየ። አል-በረካት በሶማሌዎች ምድር ሁሉ ትልቁ ሐዋላ ቤት ነበር፤ ስልክም ይሠራ ነበር፣ የሰው አደራም ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 2001 የአሜሪካ መንግሥት በሽብር ገንዘብ ድጋፍ ጠርጥሮ ንብረቱን አገደ፤ ሌሎችም አገሮች ተከተሉ። ቢሮዎቹ በአንድ ጀምበር ተዘጉ። ከዓመታት በኋላ የመስከረም 11ዱን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን ባለሙያዎች ጉዳዩን ሲያዩት ክሱን የሚያጸና በቂ ማስረጃ አላገኙም። ለባለገንዘቡ ግን ያ መጽናኛ ዘግይቶ የመጣ ነበር። ድርጅቱ የከሰረው በመጥፎ ብድር አልነበረም፤ ገንዘቡ የሚያልፍበት በር ከውጭ ተዘጋበት። የሚረከበው፣ ሒሳቡን የሚያጣራው፣ ለትንሹ አስቀማጭ የሚከፍለው ተቆጣጣሪም አልነበረም።

ያ በር ዛሬም የሚዘጋው ከውጭ ነው። በ2013 የእንግሊዙ ባርክሌይስ ባንክ ለብዙ ሐዋላ ቤቶች የያዘውን ሒሳብ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ዳሃብሺል ለንደን ፍርድ ቤት ከስሶ ጊዜያዊ ዕግድ በማግኘቱ ነበር ለጊዜው የተረፈው።

ሽልንግ ይታተማል፣ ዶላር አይታተምም

የሶማሌላንድ ባንክ በ1994 ሥራ ጀመረ፤ የሶማሌላንድ ሽልንግም በዚያው ዓመት ወጣ። ንግድ ባንክ ባልነበረበት ዘመን ማዕከላዊ ባንኩ የመንግሥት ካዝናም፣ የሰው ሒሳብ የሚይዝ ባንክም ሆኖ ሠርቷል። በ2012 የማዕከላዊ ባንክ ሕግና የእስልምና ባንክ ሕግ ወጡ፤ ፈቃድ መስጠትና መቆጣጠር ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ዳሃብሺል ባንክን ዳሩሰላም ባንክን የመሳሰሉ ተቋማት በከተማው ሕንፃ አቁመዋል። ይህ ከ1990ው ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው።

ሆኖም አንድ ችግር በሕግ ብቻ አይፈታም። በባንክና በስልክ ያለው የነጋዴ ገንዘብ በአብዛኛው ዶላር ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ሽልንግ ማሳተም ይችላል፤ ዶላር ማሳተም አይችልም። ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ የአሜሪካ መንግሥት ከመድን ጣሪያው ከ250,000 ዶላር በላይ ያስቀመጡትን ጭምር ሙሉ በሙሉ እንደሚከፍል በሦስተኛው ቀን አስታወቀ። ዶላሩ የራሷ ስለሆነ ነው። ሶማሌላንድ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አባል ስላልሆነች በክፉ ቀን የምትበደረው ከዚያም የለም። ስለዚህ ለሕመሙ የመጀመሪያ ዓይነት፣ ማለትም ሀብት እያለው ጥሬ ዶላር ላጠረው ባንክ፣ የመጨረሻው አበዳሪ የባለቤቶቹ ኪስና ወገናቸው ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድም የለም።

የስልኩ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። ቴሌሶም ዛድን በ2009 ሲያስጀምር አገልግሎቱ በዶላር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደመወዝ፣ ጫት፣ ውሃ፣ በግ ሁሉ በእሱ መገዛት ጀመረ። ጥቅሙን ማንም አይክድም፤ በሚያዝያ 2022 የዋሄን ገበያ ሲቃጠል በመሳቢያ የነበረው ገንዘብ ነደደ፣ በስልክ የነበረው ግን ተረፈ። ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ለእያንዳንዱ የስልክ ዶላር አንድ እውነተኛ ዶላር ተለይቶ ተቀምጧል ወይ? ኬንያ ውስጥ የኤም-ፔሳ ደንበኞች ገንዘብ ከስልክ ኩባንያው ሀብት ተለይቶ በአደራ ሒሳብ ባንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኩባንያው ቢከስር ባለዕዳዎቹ አይነኩትም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2020 ያወጣው መመሪያም የስልክ ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ተመጣጣኝ ገንዘብ በባንክ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ሐርጌሳ ላይ ስልኩ፣ ሐዋላውና ባንኩ በባለቤትነት የተቀራረቡ ናቸው። አንዱ ከታመመ ሌላው እንዳይተላለፍበት የሚለየው አጥር በግልጽ መታየት አለበት።

ጎረቤት እንዴት አለፈችው

ኬንያ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ባንክ ወደቀባት። ነሐሴ 2015 ዱባይ ባንክ ኬንያ፣ ጥቅምት 2015 ኢምፔሪያል ባንክ፣ ሚያዝያ 2016 ቼዝ ባንክ። ለነጋዴ ትልቁ ትምህርት ያለው የኋለኞቹን ሁለት በማነጻጸር ነው።

ኢምፔሪያል ባንክ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ በድንገት ሲሞቱ ነው ለዓመታት የተደበቀ ማጭበርበር የተገለጠው። ማዕከላዊ ባንኩ ሲረከበው ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር። ትንንሽ አስቀማጮች ቶሎ ተከፈላቸው፤ ትልልቆቹ ግን ለዓመታት በፍርድ ቤት ደጅ ጠኑ። ቼዝ ባንክ ደግሞ የተዘጋው ስለ ውስጥ አዋቂዎች ብድር የተሰማው ወሬ ደንበኛውን ወደ መስኮቱ ካስሮጠ በኋላ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ በሌላ ትልቅ ባንክ አስተዳዳሪነት በሃያ ቀን ውስጥ መልሶ ከፈተው። በ2018 የሞሪሺየሱ ኤስቢኤም ሲረከበው ከተቀማጩ 75 በመቶ ወደ አዲሱ ባንክ ተላለፈ፤ 25 በመቶው ግን እዚያው በሚፈርሰው ባንክ ውስጥ ቀረ። ይህ እንግዲህ የተሻለው ውጤት ነው። በዚያን ጊዜ የኬንያ መድን ጣሪያ 100,000 ሽልንግ፣ ከአንድ ሺህ ዶላር ብዙም የማይበልጥ ነበር። በ2020 ወደ 500,000 ከፍ አለ።

ኢትዮጵያም ዘግይታ ቢሆን ተዘጋጅታለች። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በ2021 በወጣ ደንብ ቁጥር 482 ተቋቋመ፤ ጣሪያው 100,000 ብር ነው። አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ደግሞ ብሔራዊ ባንኩ ችግር የገጠመውን ባንክ እንዴት እንደሚይዝ የሚደነግጉ ክፍሎች አሉት። ጅግጅጋ ባንክ ያስቀመጠ ነጋዴ ቢያንስ ይህ ከለላ አለው። ነገር ግን 100,000 ብር ዛሬ የአንድ ደህና የደለበ ሰንጋ ዋጋ ይሆናል አይሆንም የሚባል ገንዘብ ነው። መድን የተሠራው ለደመወዝተኛና ለጉልት ነጋዴ ነው። የአንድ መርከብ ጭነት በግ ሒሳብ የያዘ ሰው በየትኛውም አገር ከጣሪያው በላይ ነው።

በጉና ባንኩ በአንድ ቀን ሲታመሙ

በሐርጌሳ ከሌላው ቦታ የሚለይ አንድ አደጋ አለ። የአገሩ ንግድ ትልቁ ክፍል ቁም እንስሳ ነው፤ ገዢውም በአብዛኛው አንድ አገር፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። በ1998 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በምሥራቅ አፍሪካ ሲነሳ ሳዑዲ በሯን ዘጋች። ከፍታ በ2000 መልሳ ዘጋች፤ እስከ 2009 ቆየ። በ2016 መጨረሻ እንደገና ዘጋች። ያኔ የሆነውን ነጋዴው ያውቀዋል። ላኪው ለአቅራቢው የሚከፍለው አጣ፣ አቅራቢው ለደላላው፣ ደላላው ዋስ ሆኖ በዱቤ ላስጫነው አርብቶ አደር።

በ1998 በከተማው የረባ ንግድ ባንክ ስላልነበረ ኪሳራው በሰው መካከል ተከፋፍሎ ቀረ። ዛሬ ባንክ አለ፤ ላኪውም አስመጪውም ደንበኛው ነው። እንዲህ ያለ ዕግድ ዳግም ቢመጣ ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት ይሆናል። የተበደረው ላኪ መክፈል ያቅተዋል፤ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ደግሞ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ሊያወጣ ይመጣል። ነጋዴው ገንዘቡን አብዝቶ የሚፈልግበት ቀንና ባንኩ ለመክፈል አብዝቶ የሚቸገርበት ቀን አንድ ይሆናሉ። ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳያጭበረብር ባንክ ሊወድቅ የሚችልበት መንገድ ይህ ነው። ጥሩ ተቆጣጣሪ ይህን አስቀድሞ ያያል፤ ብድሩ በአንድ ዘርፍ እንዳይከማች ጣሪያ ያበጃል፣ መጠባበቂያው በዶላር እንዲሆን ያዝዛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እስከዚያው ነጋዴው

የሐርጌሳ የገንዘብ ቤቶች እስከ ዛሬ ባለቤቱ ስሙን እንዲያከብር በሚያስገድድ መተማመን ኖረዋል። መተማመኑ እውነተኛ ነው፤ ብዙ ቦታ ሕግ ያልሠራውን ሠርቷል። አል-በረካትም ታማኝ ስም ነበረው። ስለዚህ ሕግና መድን እስኪሟሉ ድረስ በነጋዴው እጅ ያለውን መጠቀም ነው።

ጊዜውን ያሳጥሩ። ገንዘብ በስልክም ሆነ በባንክ ለማለፍ ይግባ፤ የሦስት ወር ትርፍ እዚያ አይደር። ወደ እንስሳ፣ ወደ ሸቀጥ ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ ይዙር።

ሲከፋፍሉ ባለቤቱን ይዩ። በአንድ ኩባንያ ቤተሰብ ሥር ባሉ ባንክና የስልክ ገንዘብ መክፈል መከፋፈል አይደለም።

የሒሳቡን ዓይነት ይጠይቁ። ወዲዓ አደራ ነው፤ ባንኩ ሙሉውን መመለስ አለበት። ሙዳራባ ግን ሽርክና ነው፤ ትርፉን እንደሚካፈሉ ሁሉ ኪሳራውም ይደርስዎታል። ትርፍ የሚከፍል ሒሳብ የከፈቱ ሰው ባንኩ ሲወድቅ በየትኛው ረድፍ እንደሚቆሙ ቀድመው ይወቁ።

ወረቀት ይያዙ። ባንክ ሲዘጋ ሒሳብን በማስረጃ ማቅረብ መቻል ይጠቅማል። የስልክ መልእክት ይጠፋል፤ በየወሩ ማኅተም ያለበት የሒሳብ መግለጫ ያስወጡ፤ ገንዘቡ በደላላ ወይም በወንድም ስም ከሆነ በጽሑፍ ያስመስክሩ።

መንዛሪውን ያድምጡ። የአንድ ድርጅት የስልክ ዶላር ከወረቀት ዶላር ባነሰ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ፣ ወይም «ጥሬው ነገ ይመጣል» የሚለው ከተደጋገመ፣ ገበያው ከጋዜጣ ቀድሞ እየነገረዎት ነው።

ከዚህ በላይ ያለው የማኅበር ሥራ ነው። የላኪዎችና የነጋዴዎች ማኅበራት ከሶማሌላንድ ባንክ ሊጠይቁ የሚችሉት ከባድ ነገር አይደለም፦ የባንኮች የተመረመረ ሒሳብ በየዓመቱ ይውጣ፤ የስልክ ገንዘብ ከኩባንያው ሀብት ተለይቶ በአደራ ይቀመጥ፤ ባንክ ሲፈርስ አስቀማጭ ከሌላው ባለዕዳ ይቅደም፤ ባንኮቹ ራሳቸው በሚያዋጡት ትንሽ የዶላር ፈንድ መድን ይጀመር። የኢትዮጵያውም ፈንድ የቆመው ባንኮች በሚከፍሉት መዋጮ ነው።

በርበራ ማቆያ ጣቢያ በ2009 ሲከፈት በጉ ደሙ እየተመረመረ መላክ ጀመረ፤ የሳዑዲም በር በዚያው ዓመት ተከፈተ። ነጋዴው ምርመራውን መጀመሪያ እንደ ወጪ ቆጠረው፤ በኋላ ገበያውን ያቆየለት እሱ መሆኑን አየ። ለበጉ የተደረገው ምርመራ በጉ ለሚሸጥበት ዶላርም ይገባዋል።